የሆኪ በረኛ ቼስት መምረጥና ማሟሸት፦ የ6 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ሥራው ለአንድ የ14 ዓመት በረኛ የደረትና የክንድ መከላከያ መርጦ፣ በልኩ አስተካክሎ ለጨዋታ ማድረስ ነው። ቦታው ቶሮንቶ ነው፤ ወቅቱ የበረዶ ሜዳ ሆኪ የሚጀመርበት ጊዜ። በረኞች ዕቃውን ባጭሩ «ቼስት» ስለሚሉት እዚህም እንደዚያው ይጠራል። ከአንገት ሥር እስከ እምብርት በታች፣ ከትከሻ እስከ እጅ አንጓ የሚሸፍን አንድ ዕቃ ሲሆን ፎም፣ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ናይለን ጨርቅና ላስቲክ ተደራርበው የተሠራ ነው።

ቼስቱ የሚመልሰው ፓክ፣ በሆኪ በኳስ ፈንታ የሚመታው ክብ ዕቃ፣ የተጠነከረ ጎማ ነው፤ ስፋቱ 7.62 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.54፣ ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ፓክ 27 ጁል ያህል ይዞ ይመጣል፤ ያው ፓክ በ130 ሲመጣ 108 ጁል። ስለዚህ «ቼስቱ ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። በዚህ ልጅ ላይ ማን ነው የሚመታው? ምርጫው የተወሰነው ይህን ካየን በኋላ ነው።

ቀን 1። ልክ

ልኩ የተወሰደው በቀጭን ካናቴራ ላይ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ቁመት 168፣ ክብደት 57 ኪሎ። በብብት ሥር የደረት ዙሪያ 84። ከአንገት ሥር ጉድጓድ እስከ እምብርት 38። ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን 31፣ ከክርን እስከ አንጓ 24።

የክንዱ ልክ ሁለት ጊዜ ተወስዷል፤ አንዴ እጅ ተዘርግቶ፣ አንዴ ክርን ታጥፎ በዝግጁነት አቋም። ሲታጠፍ በክርኑ ውጭ በኩል ያለው ርዝመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሯል። ይህን ያልቆጠረ ሰው እጁን ዘርግቶ «ልክ ነው» ያለውን ቼስት ሜዳ ላይ አንጓው ተራቁቶ ያገኘዋል፤ በረኛ ደግሞ ከጨዋታው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ክርኑን አጥፎ ነው የሚቆመው።

መለያው ላይ የተጻፈው ቁጥር መነሻ ብቻ ነው። ቮን፣ ብራያንስ፣ ዋሪየር፣ ባወርም ሆነ ሲሲኤም የየራሳቸው አለካክ አላቸው፤ የአንዱ ትንሽ ለሌላው መካከለኛ ሊሆን ይችላል። ዋናዎቹ ደረጃዎች ከታች ወደ ላይ ዩዝ፣ ጁኒየር፣ ኢንተርሚዲየት እና ሲኒየር ናቸው። ልዩነታቸው የስፋት ብቻ ሳይሆን የፎሙ ውፍረትና ጥንካሬም ጭምር ነው። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቀን 2። ሦስቱ ዕቃዎች

ሦስት ቼስቶች ጎን ለጎን ቀረቡ። የመጀመሪያው ያገለገለ ሲኒየር መካከለኛ፣ ዋጋው ረከስ ያለ። ሁለተኛው አዲስ ኢንተርሚዲየት ትልቅ። ሦስተኛው አዲስ ሲኒየር ትንሽ።

ያገለገለ ዕቃ መጥፎ አይደለም፤ የሚመረመርበትን ቦታ ማወቅ ነው። አውራ ጣትን ፍርምባ ላይ፣ ትከሻ ክዳን ላይና ክርን ላይ አጥብቆ ተጭኖ መልቀቅ። ጤነኛ ፎም ወዲያው ይመለሳል። የግራ ክርኑ ክዳን ግን የአውራ ጣቱን ጉድጓድ እንደያዘ ቀረ፤ ለብዙ ጊዜ በረዶ ላይ ሲወድቅበት የኖረ ፎም ነው፣ ውስጡ ያሉት የአየር ክፍሎች ተሰብረዋል። ከውጭ ሲታይ ምንም አይለይም። ቀጥሎ ፕላስቲኩ በመብራት ፊት ትንሽ ተጠምዞ ታየ። ነጭ መስመር ከታየ ፕላስቲኩ ሊሰነጠቅ የተዘጋጀ ነው። ከዚያ ላስቲኮቹ፦ ተስቦ ሲለቀቅ የሚንዘላዘል ላስቲክ በአዲስ ስለሚተካ ዕቃውን አያስጥልም። የሞተ ፎም ግን የሚተካው ዕቃው ሁሉ ሲፈታ ነው።

ያገለገለው ሌላም ችግር ነበረበት፤ ሰፊ ነው። እናት የልጇን ጫማና ጃኬት ስትገዛ «ያድግበታል» ትላለች፣ ለጃኬት ልክ ናት። ለቼስት ይህ አይሠራም። ሰፊ ቼስት የለበሰ በረኛ በጉልበቱ ሲወርድ ዕቃው በሙሉ ወደ ላይ ይነሳል። የትከሻ ክዳኖቹ ማስኩን ይገፋሉ፣ ማስኩ ይቀናል፣ እግሩ ሥር ያለውን ፓክ ማየት ያቅተዋል። እጅጌው ደግሞ ወደ ጓንቱ ገብቶ አንጓውን ይቆልፋል። ይህ ዕቃ በሁለቱም ምክንያት ቀረ።

ኢንተርሚዲየቱ በልክ ከሦስቱ ሁሉ ይሻላል፤ ያለ ምንም ማስተካከያ ተቀምጦለታል። አውራ ጣት አንገት ሥር ባለው አጥንት ላይና በላይኛው ክንድ ውስጠኛ በኩል ሲጫን ግን አጥንቱ ይሰማል። ልጁ የሚጫወተው ከ15 እና ከ16 ዓመት ልጆች ጋር ነው፤ ከነዚህ አንዳንዶቹ ስላፕ ሾት ይመታሉ፣ ዱላውን ወደ ኋላ አንስተው በሙሉ ኃይል። ለእኩዮቹ የሚበቃ ፎም ለነዚህ አይበቃም።

ሲኒየር ትንሹ ተመረጠ። በክንዱ 2 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ በጎኑም ትንሽ ይሰፋል፤ ሁለቱም በማሰሪያ የሚቀነሱ ናቸው። ውፍረት ግን በማሰሪያ አይጨመርም። ሲመዘን 2.9 ኪሎ።

ለሚጠይቁ አንድ ነገር፦ ኤንኤችኤል፣ የሰሜን አሜሪካ ዋናው የሆኪ ሊግ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018–19 ውድድር ጀምሮ የበረኞቹን ቼስት አጥብቧል፤ ትከሻውና ክንዱ የሰውነቱን ቅርጽ እንዲከተል ነው ደንቡ የሚያዘው። ከዚያ በኋላ ከበረኞቹ አንዳንዶቹ በክንዳቸው ላይ ሰንበር እንደበዛባቸው ተናግረዋል። የሰፋ ቼስት ጎሉን ይሸፍናል የሚለው ሐሳብ ለልጅ ከንቱ ነው። 1.83 በ1.22 ሜትር የሆነ ጎል በትከሻ ክዳን አይዘጋም፤ የሚዘጋው በፍጥነት በመንቀሳቀስ ነው።

ቀን 3። ሙሉ ልብስ ተለብሶ የተደረገ ፍተሻ

በመስታወት ፊት ቆሞ በካናቴራ መለካት ምንም አይነግርም። ፍተሻው የተደረገው ሱሪ፣ የአንገት መከላከያ፣ ቼስት፣ ማሊያ፣ ማስክ፣ መያዣ ጓንት፣ ብሎከር (ዱላ የሚይዘው እጅ ላይ የሚጠለቀው ሰሌዳ ያለው ጓንት) እና ዱላ ሁሉም ተለብሰውና ተይዘው ነው። የእግር ፓድም ታስሯል፤ በጉልበት ሲወረድ የፓዱ አናት ሱሪውን፣ ሱሪው ደግሞ ቼስቱን ስለሚገፋ።

እንቅስቃሴዎቹ እነዚህ ነበሩ። ሁለቱን እጅ ከፊት ማገናኘት። መያዣውን ጓንት ከብሎከሩ ባሻገር ወደ ሌላው ጎን ማሻገር። ዱላውን በረዶ ላይ አስተኝቶ መጎንበስ። ወደ ቢራቢሮ መውረድ፣ ማለትም ጉልበት ገጥሞ እግር ወደ ሁለት ጎን መዘርጋት፣ ከዚያም ራስን ቀና አድርጎ ወደ ላይኛው ማዕዘን ማየት። በመጨረሻ አገጭን ወደ ደረት አቅርቦ በእግር መካከል መፈለግ።

ቢራቢሮው ላይ ተያዘ። «ጋሼ፣ ወርጄ ቀና ስል አገጬን ይገፋኛል» አለ ልጁ። ቆሞ ሳለ በማስኩና በቼስቱ አንገት መካከል አራት ጣት ይገባ ነበር፤ ወርዶ ሲለካ አንድ ጣት እንኳ አልገባም። ችግሩ ያለው ከታች፣ ሱሪው ጋ ነው። የቼስቱ የሆድ ክፍል ሱሪ ውስጥ ገብቶ ቀበቶው ጠብቆ ስለታሰረ፣ ሱሪው ከፍ ባለ ቁጥር ቼስቱን ይዞት ይወጣል።

ሆዱን ሱሪ ውስጥ ማስገባት ወይስ ማውጣት? ሁለቱም ዋጋ አላቸው። ሲገባ በወገብ ላይ ክፍተት አይኖርም፣ ግን ይገፋል። ሲወጣ እንቅስቃሴው ነፃ ነው፣ ግን ሁለቱም እጅ ሲነሳ ሆዱ ይራቆታል። እዚህ የተወሰነው ማውጣት ሲሆን ሱሪው በትከሻ ማንጠልጠያው 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ቀበቶው ጡጫ እንዲያስገባ ላላ። ከዚያ በኋላ በቢራቢሮ ሁለት ጣት ከግማሽ ገባ። እጆቹ ተነስተው ሲታይ የሆዱ ክፍል አሁንም የሱሪውን ጠርዝ በ4 ሴንቲ ሜትር ይደርብ ነበር። የሚፈለገውም መደራረቡ ነው፤ ቢያንስ 3።

ማሊያውን የረሳ ሰው ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ይሆንበታል። የተራ ተጫዋች ማሊያ ክንዱን አስሮ ትከሻውን ወደ ውስጥ ይጫናል። የበረኛ ስፌት ያለው፣ ብብቱ ሰፊ የሆነ ማሊያ ያስፈልጋል።

ቀን 4። ማሰሪያዎቹ

ማንኛውም ማሰሪያ ከመነካቱ በፊት የነበረበት ቦታ በነጭ ማርከር ተሰመረ፣ ፎቶም ተነሳ። ሥራው ቢበላሽ መመለሻ መኖር አለበት።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ክንዱን ከደረቱ ጋር የሚያያይዘው የትከሻ ክር፣ ቀጥሎ የጎን ማሰሪያዎች፣ ቀጥሎ የጀርባው፣ መጨረሻ ላይ የክንድ ላስቲኮች። ከክንድ የጀመረ ሰው ትከሻውን ሲያስተካክል የክንዱ ልክ ሁሉ ስለሚፈርስ እንደገና ይጀምራል።

የትከሻው ክር በሁለቱም ጎን በአንድ ቀዳዳ ጠበበ፤ ክንዱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጣ። በዚህ ክር ላይ የተለመደውን የጫማ ቋጠሮ መጠቀም ስህተት ነው፣ በላብ ርሶ ይፈታል። ድርብ ቋጠሮ፣ ከዚያ ጫፉ ተቆርጦ በክብሪት ቀለጥ ተደረገ። የጎን ማሰሪያው ሁለት ጣት እስኪያስገባ ብቻ ተሳበ። ከዚያ በላይ ከጠበቀ በረኛው በረጅሙ ሲተነፍስ ጎድኑ ይያዛል፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ትንፋሽ ያጥረዋል። ዘለበቶቹ ከጎድን ወደ ኋላ ተዞሩ፤ ጎድን ላይ የተቀመጠ ዘለበት በፓክ ሲመታ የዘለበቱን ቅርጽ ቆዳ ላይ ያትማል።

የአንገት መከላከያው ከቼስቱ ሥር ተለበሰ፣ የታችኛው ጠርዙ በአንገት ሥር አጥንት ላይ ተዘርግቶ። በሆኪ ካናዳ፣ በአገሪቱ የሆኪ ፌዴሬሽን፣ ሥር ለሚጫወቱ ልጆች የቢኤንኪው (የኩቤክ የደረጃዎች ቢሮ) ማረጋገጫ ያለው የአንገት መከላከያ ግዴታ ነው። ብዙዎች ይህን ጨርቅ ከማስኩ ሥር ከሚንጠለጠለው ግልጽ ፕላስቲክ ጋር ያምታቱታል። ፕላስቲኩ ፓክን ከጉሮሮ ያርቃል፤ ጨርቁ የጫማ ስለትን ይከላከላል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የቡፋሎ ሴበርስ በረኛ ክሊንት ማላርቸክ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1989 በጨዋታ ላይ የአንገቱ ደም ሥር በጫማ ስለት ተቆርጦ ነበር፤ የተረፈው የቡድኑ የሕክምና ባለሙያ ደሙን በእጁ ጨምቆ ስለያዘለት ነው።

ቀን 5–11። በቤት ውስጥ ማሟሸት

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ ቢጋገርበት ይይዛል፤ አዲስ ቼስትም ሳይሟሽ ወደ ጨዋታ ከገባ ክንዱን ይይዛል። ግን ሁሉም ክፍል አይሟሽም። እንዲለሰልሱ የሚፈለጉት መታጠፊያዎቹ ናቸው፤ የክርን ውስጥ፣ የትከሻ መገናኛ፣ የብብት ዙሪያና የሆዱ እጥፋት። ፍርምባውን፣ የልቡን ሰሌዳ፣ የትከሻውን ክዳንና የክርኑን ክዳን ማንም አይነካቸው። መዶሻ ይዞ ደረቱን የሚቀጠቅጥ፣ ወይም መሬት ጥሎ የሚረግጥ ሰው የገዛውን መከላከያ በገዛ እጁ እየገደለ ነው።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ 25 ደቂቃ ተለበሰ፤ ጓንቱና ዱላው ሳይቀር። ከመልበሱ በፊት የእያንዳንዱ ክንድ ክርን በእጅ 50 ጊዜ ታጠፈ፣ በሙሉ ሳይሆን በረኛው በሜዳ በሚያጥፍበት ማዕዘን። ልጁ ሲለብሰው 20 ጊዜ ቢራቢሮ፣ 20 ጊዜ እጅ ማሻገር፣ የቀረውን ጊዜ ተቀምጦ የትምህርት ቤት ሥራውን ይሠራ ነበር። የሰውነት ሙቀትና የክንዱ መታጠፍ ፎሙን ቀስ በቀስ ቅርጽ ያስይዘዋል፤ ለዚህ አቋራጭ የለውም።

ሌሊት ሌሊት ክንዶቹ ወደ ደረቱ ታጥፈው በሰፊ ቀበቶ ታሰሩ። በቀን 6 ጠዋት ሲፈታ ከክርኑ ከፍ ብሎ ጭረት የመሰለ እጥፋት ተገኘ። ቀበቶው ጠብቋል፣ በክርኑ ውስጥም ምንም አልተቀመጠም፤ ስለዚህ ፎሙ መታጠፍ ካለበት 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተሰብሯል። እንዲህ ያለ እጥፋት ካልተስተካከለ ክንዱ ሁልጊዜ በዚያው ይታጠፋል፣ የክርኑም ክዳን ከክርኑ ይሸሻል። ክንዱ ሁለት ሌሊት ተዘርግቶ አደረ፣ ከዚያ የተጠቀለለ ፎጣ ክርኑ ውስጥ ገብቶ ቀበቶው ላላ ብሎ ታሰረ። በቀን 9 እጥፋቱ በጣት ሲዳሰስ ብቻ የሚሰማ ሆነ።

የፀጉር ማድረቂያ፣ ምድጃ፣ የልብስ ማድረቂያ ማሽን፣ የመኪና ማሞቂያ፦ አንዳቸውም አልተሞከሩም፣ እንዲሞከሩም አንመክርም። የፎሙ ንብርብሮች የተያያዙት በሙጫ ነው። ሙጫው ሲሞቅ ይለቃል፣ ንብርብሮቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፣ ከላይ ግን ጨርቁ ስለሸፈናቸው አይታይም። የሚታወቀው ፓክ ሲያርፍበት ነው።

ቀን 12። ቴኒስ ኳስ

በጋራዥ ውስጥ፣ ከ5 ሜትር ርቀት 60 ውርወራ። ማስክ ግዴታ ነበር። የሚፈለገው ሕመም አለመኖሩን ማየት አይደለም፣ ኳስ ማንንም አያሳምምም። ልጁ በሚመታበት ቅጽበት ምን እንደሚያደርግ ነው የታየው። አዲስ ዕቃ የለበሰ በረኛ ዕቃውን ገና አያምነውም፣ ፊቱን ያዞራል፣ ትከሻውን ወደ ላይ ይሰበስባል። ትከሻ ሲሰበሰብ ክዳኑ ይነሳል፣ የአንገት ሥር አጥንት ይጋለጣል። ከ40ኛው ውርወራ በኋላ ትከሻው ወርዶ ቆመ።

ቀን 15። የመጀመሪያው በረዶ

20 ደቂቃ፣ ሪስት ሾት ብቻ (ዱላው ወደ ኋላ ሳይነሳ በእጅ አንጓ የሚላክ ምት)፣ ከ9 ሜትር፣ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ከዚያ እስከ ደረት። ስላፕ ሾት ተከልክሏል። በወረቀት ላይ የሰው ቅርጽ ተስሎ እያንዳንዱ ምት ያረፈበት ቦታ ምልክት ተደረገበት፣ አጠገቡ ቁጥር፦ 0 ምንም፣ 1 ተሰማኝ፣ 2 አመመኝ፣ 3 ሰንበር። ይህ ወረቀት ከማንኛውም የሻጭ ምክር ይበልጣል። «ደህና ነው?» ሲባል ልጅ ሁሉ «ደህና ነው» ይላል፤ ጣቱን ወረቀቱ ላይ እንዲያሳርፍ ሲደረግ ግን እውነቱን ይናገራል።

ፍርምባና ሆድ በሙሉ 0። ትከሻ 0 እና 1። በብሎከሩ ክንድ ውስጠኛ ክርን ላይ አንድ 3፣ በዚያው ክንድ ከአንጓው ከፍ ብሎ አንድ 2። ሁለቱም ቦታዎች ፎም የሌለባቸው ሳይሆን ፎሙ የሸሸባቸው ናቸው።

ክርኑ፦ ክዳኑ ወደ ውጭ ዞሯል። ከክርን በላይ ያለው ላስቲክ ላልቶ፣ በታች ያለው ጠብቆ ነበር፤ እጁ ዱላውን ሲገፋ የታችኛው ላስቲክ ክዳኑን ይዞ ያዞረዋል። መፍትሔው ተቃራኒው ሆነ። የላይኛው እስከ አንድ ጣት ጠበቀ፣ የታችኛው እስከ ሁለት ጣት ላላ። አሁን ክዳኑ ከላይኛው ክንድ ጋር ታስሮ በክርኑ ላይ ይቆማል፣ የታችኛው ክንድ ከሥሩ በነፃ ይዞራል።

አንጓው፦ ክንዱ ወደ ፊት ሲዘረጋ በብሎከሩ ጠርዝና በእጅጌው መጨረሻ መካከል 3 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቆዳ ይታያል። በቀን 4 ክሩ በሁለቱም ክንድ እኩል መጥበቡ ስህተት ነበር። የመያዣው ጓንት ክፍ፣ አንጓን የሚሸፍነው ክፍሉ፣ ሰፊና ረጅም ስለሆነ እጅጌውን ይሸፍናል፣ የብሎከሩ ግን አጭር ነው። የብሎከሩ ክንድ ክር ወደ መጀመሪያው ቀዳዳ ተመለሰ፣ በአንጓው ላይም ፎም ያለው ላስቲክ ታከለ። ሁለቱ ክንዶች ከዚህ በኋላ የተለያየ ርዝመት አላቸው፣ ይህም ትክክል ነው።

ቀን 18 እና 22

ሁለት ልምምድ። ምቶቹ እስከ 12 ሜትር ርቀው በፍጥነት ጨመሩ፣ በቀን 22 ስላፕ ሾት ተፈቀደ። ክርኑ ከ3 ወደ 1 ወረደ።

አዲስ የመጣው ጉዳይ የተመላሽ ፓክ ነው። አዲስ ደረት እንደ ግድግዳ ይመልሳል፤ ፓኩ ፍርምባው ላይ አርፎ እስከ 3 ሜትር ወደ ፊት ሲወጣ ታይቷል፣ ያም ለተቃራኒ አጥቂ ስጦታ ነው። ዕቃው ከጊዜ ጋር ይለሰልሳል፣ ግን ከዕቃው ይልቅ የሚሠራው ሰውነቱ ነው። ፓኩ ሊደርስ ሲል በረኛው ትንፋሹን ያወጣል፣ ትከሻዎቹን ወደ ፊት ይሰበስባል፣ ደረቱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል። ፓኩ ይገባል፣ ድምፁ «ዷ» መሆኑ ቀርቶ ታፍኖ ይሰማል፣ ወደ ሆዱ ይንሸራተታል፣ መያዣው ጓንት ከላይ ይዘጋበታል። ከ20 ምት በኋላ ልጁ ከአምስቱ ሦስቱን እንዲህ ያዘ። የሆዱ እጥፋት በደንብ ካልተሟሸ ይህ አይሆንም፤ ደረቱ አይጎደጉድም፣ ፓኩም የሚያርፍበት ኪስ አይኖርም።

ስለ ልብ መናገር ግድ ነው። ደረት ላይ በልብ አቅጣጫ ያረፈ ምት፣ በልብ ምት ዑደት ውስጥ በጣም አጭር በሆነች ቅጽበት ላይ ከገጠመ፣ የልቡን ሥርዓተ ምት ሊያዛባና ልብን ሊያቆም ይችላል። እምብዛም የማይደርስ ነገር ነው፤ ሲደርስ ግን በብዛት በልጆችና በወጣቶች ላይ ነው። የትኛውም ቼስት ይህን ሙሉ በሙሉ እንደሚከላከል ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ የልብ ማስነሻ መሣሪያው፣ ኤኢዲ፣ በሜዳው የት ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ቀድሞ ታይቷል፤ ከመልበሻ ክፍሉ እስከ እሱ ያለው መንገድም ተሄዶበታል። እያንዳንዱ ወላጅ ይህን ያድርግ። ልጁ ተመትቶ ከወደቀና ካልመለሰ ወደ 911 መደወል፣ ደረት መጫን መጀመርና መሣሪያውን ማስመጣት በደቂቃዎች ውስጥ የሚወሰን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቀን 23። ላብና ማድረቅ

ከልምምዱ በኋላ ሲመዘን 3.3 ኪሎ፤ 400 ግራም ላብና እርጥበት ተሸክሟል። ቦርሳ ውስጥ የተተወ ቼስት በሁለት ቀን ይሸታል፣ በወር ላስቲኩ ይደክማል፣ ቆዳ ላይም ሽፍታና ቁስል ሊያመጣ ይችላል። ቤት እንደደረሰ በሰፊ መስቀያ ተንጠለጠለ፣ ዘለበቶቹ ሁሉ ተፈትተው፣ የውስጥ ጎኑ ወደ ማራገቢያው ዞሮ። 9 ሰዓት ወሰደ። በራዲያተር ላይ ማስቀመጥ ከምድጃ አይለይም።

ቀጭን መስቀያ ትከሻውን በአንድ ነጥብ ስለሚጫነው በወፍራም ፎጣ ተጠቅልሏል።

ቀን 30

ላስቲኮቹ ተዘርግተዋል፣ እንደሚጠበቀው። የጎኑ ማሰሪያ ከሁለት ጣት ወደ አራት ጣት ላልቷል፤ ተመልሶ ተሳበ። የነጩ ማርከር መስመር ጥቅሙ እዚህ ታየ፤ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ በዓይን ይነበባል። የቀኙ ትከሻ ክር መፈታት ጀምሮ ነበር፣ እንደገና ታሰረ። ከእያንዳንዱ በረዶ በኋላ አራቱን ክሮች በጣት መሳብ 30 ሰከንድ ብቻ ይወስዳል።

ቀን 33። እጥበት

ገንዳ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ፣ 30 ዲግሪ ገደማ፣ ግማሽ ሲኒ ለስላሳ የልብስ ሳሙና፣ ማለስለሻ የለበትም። 20 ደቂቃ ተነክሮ በእጅ ተጫነ፣ አልተጠመዘዘም። መጠምዘዝ ፎሙን ከፕላስቲኩ ያላቅቃል። ውኃው ቡና መሰለ። ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ገንዳው ጠርዝ ላይ አንድ ሰዓት ተንጠፈጠፈ፣ ከዚያ ማራገቢያ ፊት 40 ሰዓት። ከልምምድ አንድ ቀን በፊት ማጠብ አይቻልም፤ ውስጡ ሳይደርቅ የተለበሰ ቼስት የባሰ ይሸታል።

ቀን 36። የመጀመሪያው ጨዋታ፣ ቀን 42። የመጨረሻው ልኬት

በጨዋታው በወረቀቱ ላይ 2 ወይም 3 የተጻፈበት ቦታ አልነበረም። አንድ 1 በግራ ብብት ሥር፣ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ ሳለ። ይህ ቦታ በማንኛውም ቼስት ክፍት ነው፣ እጅ እንዲነሳ ክፍት መሆን አለበት፤ ፎም ያለው የውስጥ ካናቴራ ይረዳል።

በቀን 42 ሁሉም ልክ እንደገና ተወሰደ። ክርኑ በአንድ እጅ ጣቶች ብቻ ይታጠፋል፣ በቀን 5 ሁለት እጅ ይፈልግ ነበር። ፍርምባውና ትከሻው በአውራ ጣት ሲጫኑ እንደ መጀመሪያው ቀን ጠንካራ ናቸው፣ ወዲያውም ይመለሳሉ። በቢራቢሮ በማስኩና በአንገቱ መካከል ሦስት ጣት ይገባል። የብሎከሩ አንጓ ላይ መደራረቡ 2 ሴንቲ ሜትር።

ልጁ በስድስት ሳምንት ውስጥ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አድጓል። የመያዣው ጓንት ክንድ ክር ገና የሚለቀቅ ሁለት ቀዳዳ ይተርፈዋል፣ የብሎከሩ ደግሞ አንድ። ከትከሻ እስከ አንጓ ያለው ልክ 57 ሲደርስ በሁለቱም ክንድ አንድ ቀዳዳ ይለቀቃል፤ ከዚያ በፊት በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ፣ ሙሉ ልብስ ተለብሶ፣ በቢራቢሮ ተወርዶ ጣት እየገባ ይታያል።